ልጅሽ አይመስልሽም፦ ፖሊስ ቤተሰብን በመልክ ሲጠረጥር

ስልኩን ከፍቶ «ልጅ ጠፋብን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፎቶ አለ፣ የለበሰው ልብስ ተጽፏል፣ የእናት ስልክ ቁጥር አለ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ልጅ ያለው ሰው ይገባዋል።

ከፍርሃቱ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ነገር ግን አለ። ቀይ ሴት ጥቁር ልጅ ይዛ ስትሄድ፣ ሽማግሌ ሰው ሕፃን ታቅፎ ታክሲ ሲሳፈር፣ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» የሚል ዓይን ይከተላቸዋል። አንዳንዴ ዓይን ብቻ አይደለም። ፖሊስ ይጠራል፣ ኬላ ላይ ከመኪና ውረዱ ይባላል፣ ጣቢያ ይኬዳል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው፤ መልክ ስለ ዝምድና ምን ያህል ይናገራል? ፖሊስስ ሲጠረጥር ምን ማድረግ ይችላል?

መጀመሪያ፣ ፖሊስ ለምን ይጠረጥራል?

በቂ ምክንያት አለው። ወደ ከተማችን ከገጠር የሚመጡ ብዙ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ለትምህርት ነው የሚመጡት፣ አንዳንዶቹ ዘመድ ጋር ሊኖሩ። ሌሎቹ ግን «አስተምርልሃለሁ» ተብሎ ለወላጅ ከተነገረ በኋላ ለቤት ሠራተኝነት፣ ለልመና ወይም ለሽመና ሥራ ይሰጣሉ። ከጋሞ አካባቢ ለሽመና የሚመጡ ሕፃናት ጉዳይ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ነው። አምጪው ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ሰው አይደለም። ደላላ ሊሆን ይችላል፣ የአገር ልጅም ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ይህንን «በሰው መነገድ» ይለዋል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው የሚመለከተው። ባጭሩ ሰውን ለመበዝበዝ ብሎ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መደበቅ ወይም መቀበል ማለት ነው። አዋቂ ሰው ከሆነ መታለሉ ወይም መገደዱ፣ ወይም ችግሩ መጠቀሚያ መደረጉ መታየት አለበት። ልጅ ከሆነ ግን ይሄ አይጠየቅም። ልጁ «ፈቅጄ ነው የመጣሁት» ቢል እንኳ የወሰደውን ሰው ነፃ አያወጣውም።

ስለዚህ ልጅ ይዞ የሚሄድን ሰው ፖሊስ ቢጠይቅ በራሱ ክፋት የለውም። የተወሰዱ ልጆች አንዳንዴ የሚተርፉት አንድ ሰው ስለጠየቀ ነው። ችግሩ ያለው ጥያቄውን ያስነሳው ነገር ላይ ነው። ልጁ ስለፈራ ነው ወይስ ከያዘው ሰው ጋር ስላልተመሳሰለ?

የአንድ ቤት ልጆች እንዴት ይሄን ያህል ይለያያሉ?

እዚህ አገር ይህንን ለማመን ሳይንስ አያስፈልግም፣ የጎረቤት ቤት ይበቃል። አንዱ ቀይ ዳማ፣ አንዷ ጠይም፣ ታናሹ ጥቁር፣ ሁሉም የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች። ምክንያቱን ግን ማወቁ ይጠቅማል።

እናት ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ አላት እንበል። አባትም የራሱ ቅይጥ አለው። ልጅ ሲፀነስ ከእያንዳንዳቸው አንድ እፍኝ ይዘገንለታል። ለሚቀጥለው ልጅ እንደገና ይዘገናል። እፍኙ ሁልጊዜ እኩል ነው፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት። ውስጡ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። ለአንዱ ሽምብራ ይበዛለታል፣ ለሌላው ሱፍ። ለዚህ ነው የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሚወርሱት ነገር በአማካይ ግማሹን ብቻ የሚጋሩት። መንትዮችም ቢሆኑ ከሁለት እንቁላል ከተፈጠሩ እንደማንኛውም ወንድምና እህት ሊለያዩ ይችላሉ።

የቆዳ ቀለምን የሚወስነው አንድ ጂን አይደለም፣ ብዙ ናቸው። ጂን ማለት ከወላጅ የሚወረስ፣ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን መመሪያ ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ከሁሉም ዓይነት አለው። አውሮፓና ምዕራብ እስያ ውስጥ የሚበዛው፣ ቆዳን ቀላ የሚያደርገው የጂን ዓይነት ኢትዮጵያ ውስጥም በርከት ብሎ ይገኛል፤ ጠቆር የሚያደርጉትም እንዲሁ። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ሰው ውስጥ አብሮ ይኖራል። ሁለት ጠይም ወላጆች ቀይ ልጅ ቢወልዱ የሚገርም ነገር የለውም።

አልቢኒዝምን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም እናቶች ብዙ የሚሰቃዩበት ነው። አልቢኒዝም ማለት ሰውነት ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ነገር በበቂ ሳያመርት ሲቀር ነው። በብዙው ዓይነት አባትም እናትም ይህንን የሚያመጣውን ጂን ተሸክመው እነሱ ላይ ግን ምንም ሳይታይ ይኖራሉ። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ አልቢኒዝም ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የእናትየው ታማኝነት እዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። ልጇን አዝላ ስትሄድ «ከየት አመጣሽው?» የምትባል እናት ማንም ሊጠይቃት የማይገባውን ጥያቄ ነው የምትመልሰው።

በመልክ የተጠረጠሩ ቤተሰቦች ሌላ አገር ምን ገጠማቸው?

በጣም የታወቀው ጉዳይ የሆነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ነው። ግሪክ ውስጥ ፋርሳላ በሚባል ቦታ ፖሊስ የሮማ ሕዝቦች ሰፈር ሲፈትሽ ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ አንዲት ትንሽ ልጅ አየ። ሮማ ማለት ብዙ ሰው «ጂፕሲ» እያለ የሚጠራቸው፣ አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የተገፉ ሕዝቦች ናቸው። ልጅቷን የሚያሳድጓት ባልና ሚስት ጠቆር ያሉ ነበሩ። የዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ ተደረገ፤ የወለዷት እነሱ አልነበሩም። ዓለም በሙሉ «የተሰረቀች ልጅ ተገኘች» አለ። ፎቶዋ በየአገሩ ተሰራጨ።

ከቀናት በኋላ ወላጆቿ ቡልጋሪያ ውስጥ ተገኙ። እነሱም ሮማ ነበሩ፣ እነሱም ጠቆር ያሉ፣ እነሱም ድሆች። አሳዳጊዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ «እናቷ ናት የሰጠችን» ሲሉ ነበር። ፍርድ ቤትም በኋላ ከጠለፋው ክስ ነፃ አድርጓቸዋል።

የግሪኩ ወሬ ገና ሳይበርድ ነገሩ አየርላንድ ደረሰ። ደብሊን ዳርቻ፣ ታላ በሚባል ሰፈር የሚኖር የሮማ ቤተሰብ ወርቃማ ፀጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላት የ7 ዓመት ልጅ ነበረችው። አንድ ሰው ይህንን በፌስቡክ ለጋዜጠኛ ጻፈ፣ ጋዜጠኛው ለፖሊስ ነገረ። ፖሊስ ሄደ። ወላጆቿ ፓስፖርት አሳዩ፤ ፎቶው የሕፃንነቷ ስለነበር አላሳመነም። የተወለደችበትን ሆስፒታል ነገሩ፤ መዝገቡ ወዲያው አልገጠመም። ልጅቷ ከቤቷ ተወሰደች። በማግስቱ አትሎን በሚባል ከተማ ደግሞ የ2 ዓመት ወንድ ልጅ በተመሳሳይ ምክንያት ከወላጆቹ ተነጠለ። እሱ በሚቀጥለው ቀን ተመለሰ። እሷ ደግሞ ሁለት ሌሊት ከቤቷ ውጭ አደረች። ሁለቱም የወላጆቻቸው ልጆች ነበሩ፤ የእሷን የዘረመል ምርመራ አረጋገጠው።

የአገሪቱ የሕፃናት እንባ ጠባቂ የነበሩት ኤሚሊ ሎጋን ጉዳዩን እንዲመረምሩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ሪፖርት የታላው ጉዳይ ሰውን በዘሩ ለይቶ መጠርጠር እንደነበር ገለጸ። መንግሥትም ቤተሰቦቹን ይቅርታ ጠየቀ።

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥም የሟቹ ሴናተር የጆን ማኬይን ባለቤት ፊኒክስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከራሷ የተለየ ዘር ያለው ሕፃን የያዘች ሴት አይተው ለፖሊስ ጠቆሙ፤ ልጁንም ከሕገ ወጥ ዝውውር እንዳዳኑ በሬዲዮ ተናገሩ። ፖሊስ አጣርቶ ምንም የወንጀል ምልክት እንዳላገኘ ሲያሳውቅ ይቅርታ ጠየቁ።

ታዲያ ሁሉንም የዘረመል ምርመራ አይፈታውም?

አይፈታውም። ከላይ ያሉትን የግሪኩንና የአየርላንዱን ጉዳዮች ጎን ለጎን እዩዋቸው። አየርላንድ ውስጥ ምርመራው ገጠመ፣ ወንጀል አልነበረም። ግሪክ ውስጥ አልገጠመም፣ ጠለፋ ግን አልነበረም። ምርመራው የሚመልሰው «ማን ወለደው?» የሚለውን ብቻ ነው። ፖሊስ ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ነው፤ «ልጁ እዚህ እንዲኖር ማን ፈቀደ? ደህና ነው ወይ?»

በእኛ አገር ይሄ ልዩነት የበለጠ ይሰፋል። ምክንያቱም ያልወለዱትን ማሳደግ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሟች ወንድም ልጅ አለ፣ የእንጀራ ልጅ አለ፣ ከአያት ጋር የሚያድግ አለ፣ ከገጠር አክስቱ ጋ ለትምህርት የመጣ አለ። በቤተሰብ ሕጉ ደግሞ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጠራል፤ ውሉ ግን በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። አብዛኛው ዘመድ አሳዳጊ ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ለቤተሰቡ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል? ወረቀቱ የሚያስፈልገው የማያውቅህ ሰው የጠየቀህ ቀን ነው።

ዳር ሰፈር ላይ ነገሩ ለምን ይከብዳል?

በድሮው ሰፈር ፖሊስ ከመጠየቁ በፊት ሰፈሩ ይመልሳል። ባለሱቁ ልጁ የማን እንደሆነ ያውቃል፣ የዕድር ጥሩንባ ነፊው ያውቃል፣ እናቱ ስታረግዝ ያየች ጎረቤት አለች። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ግን አብዛኛው ሰው በዕጣ የመጣ ነው። ከመሀል ከተማ በልማት ተነስቶ ገላን ጉራ የገባውም ዕድሩን እዚያው ጥሎ ነው የመጣው። አንድ ደረጃ የሚጋሩ ሰዎች የልጆቻቸውን ስም አይተዋወቁም። ጥበቃው በየጊዜው ይቀየራል። ምስክር ሲጠፋ መልክ ምስክር ይሆናል።

ሌላም አለ። ከተማዋ ዳር ላይ ስትሆኑ የሁለት አስተዳደር ድንበር ላይ ናችሁ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አንድ ቤተሰብ ወዲህ ተኝቶ ወዲያ ይሠራል፣ ልጁ ወዲያ ይማራል። የአንዱ ወረቀት በአማርኛ፣ የሌላው በአፋን ኦሮሞ ይሆናል። ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ሁለቱንም ማንበብ ካልቻለ ነገሩ ይጓተታል።

ስማችንም አያግዝም። ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፣ ልጅ ደግሞ የአባቱን ስም ነው የሚይዘው። ስለዚህ የእናትና የልጅ መታወቂያ ቢቀመጥ የሚጋሩት አንድም ስም የለም። ለእኛ ግልጽ ነው። ውጭ አገር ያለ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ግን «እናቱ ከሆንሽ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ይላል። እዚህም ቢሆን አያት፣ አክስት ወይም የእንጀራ አባት ከሆነ ስም ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ከሁሉም በላይ የሚያጣላው ግን አነጋገራችን ነው። ጎረቤቴ የእህቷን ልጅ ከወሎ ይዛ ስትመለስ አንድ ኬላ ላይ አስወረዷት። እሷ ቀይ ናት፣ ልጅቷ ጥቁር።

«እህቴ፣ ልጅቷ ምንሽ ናት?» አላት ፖሊሱ።

«ልጄ ናት» አለች። ማንኛችንም እንደዚያ ነው የምንለው።

ልጅቷን ለብቻዋ ጠየቋት። «እናትሽ ናት?»

«አይ፣ እናቴ ቤሩት ናት።»

ሁለቱም አልዋሹም፣ ለፖሊሱ ግን ቃላቸው ተጋጨ። እስከ ማታ ጣቢያ ቆዩ። እናትየው ከአሠሪዋ ተደብቃ በኢሞ ደውላ፣ ልጅቷ በስክሪኑ ላይ «እማዬ» ብላ ስታለቅስ ነው የተለቀቁት። እኔ ፖሊሱን ስለጠየቀ አልወቅሰውም። የሚያሳዝነኝ እናትየው ጋ መደወል የመጀመሪያው እርምጃ ሳይሆን የመጨረሻው መሆኑ ነው።

አያቱ ያሳደጉት ልጅም እንዲሁ ነው። አያቱን «እማዬ» ይላል፣ የወለደችውን በስሟ ይጠራል። ይህንን የማያውቅ ጠያቂ ከሁለት ጥያቄ በኋላ ወንጀል ያገኘ ይመስለዋል።

ፖሊስ ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ አይችልም?

ማስቆምና መጠየቅ ይችላል። ወንጀል ስለመኖሩ በቂ ጥርጣሬ ካለው መያዝም ይችላል። ከያዘ በኋላ ግን ሕገ መንግሥቱ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 19 እንደሚለው የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል፤ ላለመናገርም መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል።

ልጁስ? ልጁ ተጠርጣሪ አይደለም። አንቀጽ 36 ስለ ልጆች በሚወሰን ነገር ሁሉ የልጁ ደህንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። ልጁ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብትም አለው። ልጅን ከሚያውቀው ሰው መነጠል ራሱ ጉዳት ነው። ሊያስፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን ስልክ ተደውሎ፣ ወረዳ ተጠይቆ፣ ጎረቤት ተሰምቶ ካልተቻለ በኋላ መሆን አለበት።

ታዲያ እውነተኛው ምልክት የቱ ነው?

ድርጊት ነው፣ ፊት አይደለም። የያዘው ሰው የልጁን ሙሉ ስም፣ ዕድሜና ትምህርት ቤት ያውቃል? ልጁ ሲጠየቅ እሱ እየቀደመ ይመልሳል? ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል? የወላጅ ስልክ ቁጥር አለ? ሲደወልስ ይነሳል? የማይተዋወቁ ብዙ ልጆች ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ሆነው «ሥራ ሊያስገባን ነው» ካሉ የመልካቸው ነገር ምን አገባን? ቁርጥ እሱን የሚመስል ልጅ ይዞ የሚሄድ አጎት ለብዝበዛ ሊወስደው ይችላል። መልክን መከተል ንጹሑን ያሰቃያል፤ ጥፋተኛውን ደግሞ በሰላም ያሳልፈዋል።

መንገደኛ ሆናችሁ የከነከናችሁ ነገር ካለ ለፖሊስ ንገሩ። ያያችሁትን ድርጊት ንገሩ፦ «ልጁ እያለቀሰ ነው፣ አላውቀውም እያለ ነው»። ፎቶ አንስታችሁ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። «ሌባ! ልጅ ሰራቂ!» ብላችሁ ሰው አትሰብስቡ። የተሰበሰበ ሰው ወረቀት አያነብም።

እኔ ብቆምስ? ምን ልያዝ?

ዝምድናውን በትክክል ተናገሩ። «ልጄ ናት» ሳይሆን «የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ የማሳድጋት» በሉ። ልጁም የእናቱንና የአባቱን ሙሉ ስም፣ አንድ ስልክ ቁጥርም በቃሉ ይወቅ። አትቆጡ፣ የተጠረጠራችሁበትን ምክንያት ግን በትህትና ጠይቁ።

ልጅ የነዋሪነት መታወቂያ የለውም፣ ስለዚህ ዋናው ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የአባትና የእናት ሙሉ ስም እዚያ ላይ ስለሚሰፍር የስሙን ችግር ይፈታዋል። ኦሪጅናሉን ቤት አስቀምጣችሁ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ያዙ። የዘመድ ልጅ ይዛችሁ ረጅም መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ከወላጁ የተፈረመ ወረቀትና ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ወላጆቹ ከሞቱ ደግሞ ፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ይሰጣል፤ ከዕድር የምስክር ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ።

በሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቀኑ ካለፈ በሩ አይዘጋም። አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱና ያልተመዘገቡ ብዙ ልጆች አሉ፤ ዘግይቶ ለሚመጣ ምዝገባም አሠራር አለ። የወላጆችን መታወቂያ፣ ካለ ደግሞ የክትባት ካርድ ወይም የሆስፒታል ማስረጃ ይዛችሁ በምትኖሩበት ወረዳ ወይም ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ጠይቁ። ልጁ የተመዘገበው ገጠር ከሆነና ወረቀቱ ከጠፋ፣ ምትኩ የሚወጣው ከተመዘገበበት ቦታ ስለሆነ ክረምት ሳይገባ አገር ቤት ላለ ዘመድ ደውሉ።